ለአያ ሙጬ ያላደረስኩት ጥያቄ

ባለፈው ሐሙስ ከትምህርት ቤት መልስ የኔታንያ ገበያ ገብቼ ሽንኩርት ስመርጥ አንድ ሽታ መንገዴን ዘጋኝ። ከዓሣ ሻጮቹ ወረድ ብሎ አንድ ሽማግሌ በሚሽከረከር ድንጋይ ላይ የሥጋ ቢላዋ ይስላል። ብረቱ ድንጋዩን በነካ ቁጥር ብልጭታ ይረጫል፤ ብልጭታው ጠፍቶ ከአፍታ በኋላ ሽታው ይመጣል። ደረቅ ነው፤ ጉሮሮ ይከነክናል፤ ጢስ ይመስላል፣ ጢስ ግን አይደለም። ፌስታሌን እንዳንጠለጠልኩ ቆሜ ቀረሁ።

«ቢላዋ ይዘሻል ወይስ ቆመሽ ልታዪ ነው?» አለኝ ሽማግሌው በዕብራይስጥ።

«ቆሜ ላይ ነው።»

«እዪ እንግዲህ፤ ማየት በነፃ ነው» ብሎ ወደ ሥራው ጎንበስ አለ።

እኔ ግን የእሱን ድንጋይ አልነበረም የማሸተው። ሁለት ባልጩቶች ሲጋጩ እንዲህ ይሸታሉ። ይህን የማውቀው የሳይንስ መምህርት ስለሆንኩ አይደለም፤ አያ ሙጬ የሚባል ሰው፣ ገና አሥር ዓመት ሳይሞላኝ፣ በረሃ መሐል ሁለት ባልጩት አጋጭቶ «አሽቺው» ስላለኝ ነው። እንግዲህ ነገሩን እንደ ልማዴ በቅደም ተከተል ልናገር። በቅደም ተከተል ካልተናገርኩት፣ የማፍርበት ቦታ ላይ ስደርስ ዘልዬው እንዳላልፍ እፈራለሁ።

አያ ሙጬ በኔታንያ ራማት የዲዲም ሰፈር በምንኖርበት ሕንፃ ከእኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ የሚኖር ጎረቤታችን ነበር። እኛ ከጎንደር ስንመጣ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እሱ ከእኛ ሦስት ዓመት ቀድሞ ገብቷል። ያኔ አምሳ ግድም ይሆነዋል። አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ አንገቱ ወደ ቀኝ ዘንበል ያለ፣ ሁልጊዜ የሆነ ነገር የሚያዳምጥ የሚመስል ሰው ነበር። ሥራው የሰፈሩን መትናስ ማጽዳት ነው። መትናስ ማለት ልጆች ከትምህርት በኋላ ካራቴና ሥዕል የሚማሩበት፣ ትልልቆች ዕብራይስጥ የሚያጠኑበት የሰፈር ማዕከል ነው። አያ ሙጬ ግን እዚያው እየዋለ ዕብራይስጡ አልገባ ብሎት ቀረ። አጥርቶ የሚያውቀው ሦስት ነገር ነበር፦ ሰላም ማለት፣ እሺ ማለት፣ እና «እርጥብ ነው አትርገጡ» ማለት። እኛን ልጆቹን «አንተ» በሉኝ ብሎ ያስለመደን ራሱ ነው። አንቱ ስንለው፣ «ተዉ እንጂ፣ ሳላረጅ አታስረጁኝ» ይለናል።

እዚህ አገር በገባ በመጀመሪያው ዓመት፣ መትናሱ ሳይቀጥረው በፊት፣ ኔጌቭ በረሃ ውስጥ የውኃ ማጠራቀሚያ ሲቆፈር ዘበኛ ሆኖ ሠርቷል። ቦታው ከምጽጴ ራሞን አለፍ ብሎ፣ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ በኮረኮንች ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ ከፍ ያለ በረሃ ነው። በዕብራይስጥ ማአጋር ይሉታል፤ የክረምት ጎርፍ የሚጠራቀምበት ትልቅ ጉድጓድ ነው። ሥራው አልቆ ሰዎቹ ሲበተኑ፣ ቡልዶዘሮቹ ከምድር ሆድ ያወጡት ድንጋይ ዙሪያውን እንደ ተራራ ተከምሮ ቀረ። አያ ሙጬ ያንን ክምር አልረሳውም። ለፋሲካና ለዳስ በዓል ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ የሚስቱን ወንድም ዘውዱን ይለምነውና፣ አትክልት ወደ ገበያ በሚያመላልስበት ነጭ ትራንዚት ስድስት ሰባት ልጆች ጭኖ ይወስደናል። መኪናው ድንብላል ድንብላል ይሸታል። ከኋላ ከገበያ የለቀመው ባዶ የእንቁላል ትሪ ተደራርቧል፤ ድንጋዮቻችን የሚተኙበት እሱ ነው። በኮካ ኮላ ጠርሙስ በረዶ አድርገን የያዝነው ውኃ መንገድ ላይ ይቀልጥና ካልሲያችንን ያረጥበዋል።

ማአጋሩ ጋ ስንደርስ ከኔታንያ ባሕር ሙቀት የወጣን ልጆች በብርድ እንንዘፈዘፋለን። ዛፍ የለም፤ ቤት የለም፤ ነፋስ ብቻ አለ። በፋሲካ ውኃው ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል፤ በዳስ በዓል ደግሞ ውኃው አልቆ፣ ጭቃው ተሰነጣጥቆ ጠርዙ ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ ስንረግጠው እንደ ደረቅ ቂጣ ይሰበራል። (ልጆች ሊያነቡት ስለሚችሉ አንድ ነገር ልበል፦ ጥብቅ የተፈጥሮ ሥፍራ ውስጥ ድንጋይ ማንሳት ክልክል ነው። ማአጋሩ ከጥብቁ ሥፍራ ውጭ ነበር።)

ሕጉ አንድ ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ድንጋይ። ሌላውን ሁሉ ታነሣለህ፣ ታያለህ፣ በነበረበት ጎኑ መልሰህ ታስቀምጣለህ። አንዱን ለመምረጥ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ትለፋለህ። እኛ የሚያብረቀርቅ ስንፈልግ እሱ ግራጫውን፣ አስቀያሚውን፣ ድንች የመሰለውን ያነሣል። መጀመሪያ መዳፉ ላይ ከፍ ዝቅ አድርጎ ይመዝነዋል። ቀጥሎ «ሃ» ብሎ ይተነፍስበትና ያሸተዋል። ከዚያ ምላሱን ጫፉ ላይ ያሳርፋል። በመጨረሻ ጆሮው ሥር ያስጠጋና በትንሽ መዶሻ ኳ ያደርገዋል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል።

«አያ ሙጬ፣ ጨው ላምጣልህ?» ይለዋል ኦሽሪ፣ ከሁላችንም አፈኛው ልጅ።

«ጨው አለበት። ና ቅመስ።»

«እኔ ሥጋ ነው የምበላው!»

«እንግዲያው ጥርስህን ለሥጋው አቆየው፤ ይኼ የምላስ ሥራ ነው።»

ብዙውን ጊዜ «ሙሉ ነው» ይልና መልሶ ያስቀምጠዋል። አልፎ አልፎ ግን ፊቱ ይበራል። «ባዶ ነው!» ይላል፤ ሌላ ሰው ሞልቶ ተረፈ በሚልበት ድምፅ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ይመታዋል። ድንጋዩ ለሁለት ይከፈላል፤ ሆዱ ክፍት ነው፤ ግድግዳው ላይ ነጫጭ ክሪስታሎች ገና እንደበቀለ የሕፃን ጥርስ ተደርድረዋል። በሦስት ዓመት ውስጥ ሲሳሳት ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው። እቆጥር ነበር፤ ያኔም መቁጠር እወድ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት የትራንዚቱ የኋላ በር ማያያዣ ኮረኮንቹ ላይ ተሰበረ። ዘውዱ ራሱን ይዞ ተራገመ። አያ ሙጬ የተጣለ የእንጨት ሳጥን ሰባብሮ እሳት አነደደ፤ ከጥበቃው ዘመን የቀረ ፌሮ ብረት እሳቱ ውስጥ ከተተ። በካርቶን አራገበው። ብረቱ ሲቀላ በጉጠት ፋንታ በሁለት እንጨት ይዞ ድንጋይ ላይ እየቀጠቀጠ አዲስ ማያያዣ አወጣለት። እኛ አፋችንን ከፍተን ከበን ቆመናል።

«ይኼን ከማን ተማርከው?» አልኩት።

«ከአባቴ ነዋ። እኛ እኮ ቀጥቃጮች ነን። እኔና አባቴ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ነበር ማረሻ የምናወጣው፤ አያቴ ግን ከድንጋይ ነው። ድንጋዩን ለቅሞ፣ አቅልጦ። ያንቺም የእናትሽ አባት…»

«ሙጬ!» አለ ዘውዱ ከመኪናው ኋላ። «ምን ያስቀባጥርሃል? ለልጆች ይወራል?»

«ማረሻ መሥራት ነውር ሆነ እንዴ?» አለና ሳቀ። ዘውዱ አልሳቀም።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር፤ እጇ ትሪው ላይ ቆመ። «ለማን አወራሽው?» አለች። ለማንም አልኳት። «ደግሞ ለማንም እንዳታወሪ። ይኼን ቃል ካንቺ አፍ ሁለተኛ እንዳልሰማ። ገባሽ?»

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። እኛ በመጣንበት አገር ቀጥቃጭ የሥራ ስም አልነበረም፤ ስድብ ነበር። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ይሉ ነበር። ማረሻውን ገዝተው ያርሱበታል፤ እሱን ግን ከደጅ አያሳልፉትም። እናቴ በልጅነቷ ከአባቷ ጋር ገበያ ስትሄድ ሴቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ሲሸፍኑ አይታለች። ያንን ይዛ ነው በአውሮፕላን የመጣችው። ከዚያች ማታ ጀምሮ እኔም ተሸከምኩት።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ዘውዱ ትራንዚቱን ሸጠ። ጉዞው ቆመ። አያ ሙጬ ግን ተስፋ የቆረጠ አይመስልም ነበር፤ ምክንያቱም በዚያው ሰሞን የመትናሱ የልጆች ክበቦች ኃላፊ ሪቭካ መጥረጊያ ፍለጋ የእሱን ዕቃ ማስቀመጫ ከፍታ በእንቁላል ትሪ የተደረደሩትን ድንጋዮች አይታለች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ ቀረች አሉ። የድንጋይ ክበብ ልትከፍት ፈለገች። አውቶቡስ ይኖራል፣ ልጆቹ በየበዓሉ ማአጋር ይሄዳሉ፣ የሚመራቸው ሰው ደመወዝ ይከፈለዋል። የሚመራቸው ሰው አያ ሙጬ ሊሆን ይችል እንደሆነ ለማወቅ ልታነጋግረው ቀን ሰጠችው።

የሰንበት ኮቱን ለብሶ በራችንን አንኳኳ። ጫማው ተወልውሏል። «ትርንጎዬ» አለኝ፣ «ምላስሽን አበድሪኝ። ሴትየዋ እየጠየቀች እኔ እንደ ግንድ እንዳልቀመጥ።» ለእናቴ ደግሞ፣ «ከዚህ በኋላ መጥረጊያ አልይዝም ማለቴ አይደለም» አላት። «መጥረጊያውንም እይዛለሁ። ግን ልጆቹ እየመጡ ይህ ምንድን ነው፣ ያ ምንድን ነው ቢሉኝ ደስ ይለኛል።» እንዲህ ሲናገር የኮቱን ቁልፍ ይዘጋል፣ ይከፍታል።

ሪቭካ ቢሮ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነበርን። ጠረጴዛው ላይ አንድ የተከፈተ ድንጋይ ተቀምጧል። ሪቭካ ወደ እሱ እያየች፣ ቀስ ብላ፣ በአክብሮት እንዲህ አለችኝ፦ «ጠይቂልኝ፤ ውጩን ብቻ አይቶ ውስጡን እንዴት ያውቃል? ይህን ሁሉ የት ተማረው?»

የመልሱ መንገድ ወዴት እንደሚሄድ ወዲያው ታየኝ። ድንጋይ እልሳለሁ ይላል። ከአባቴ ይላል። ቀጥቃጭ ነን ይላል። ያንቺም የእናትሽ አባት ይላል። ፊቴ ጋለ። ወደ አያ ሙጬ ዞርኩና በአማርኛ፣ «ድንጋይ ትወዳለህ ወይ ነው የምትለው» አልኩት።

ፊቱ እንዴት እንደበራ እስከ ዛሬ ይታየኛል። ወንበሩን ሳብ አደረገ። ድንጋይ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዴት እንደሚወድ፣ በረሃ ጥበቃ ላይ ሳለ ብቻውን ሆኖ ድንጋይ እንዴት ጓደኛ እንደሆነው፣ ልጆቹ አንድ ድንጋይ ሲከፈት የሚያሰሙት ጩኸት ከዘፈን እንደሚበልጥበት ተናገረ። ረጅም ተናገረ። እጁ ይናገራል፣ ትከሻው ይናገራል። ሪቭካ ቃሉ ባይገባትም ፈገግ እያለች ትከተለዋለች። ሲጨርስ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«ገበሬ ነበር» አልኳት በዕብራይስጥ። «የትም አልተማረም። እንዴት እንደሚያውቅ አያውቅም፤ ዝም ብሎ ይመታል፣ ዕድል ነው። ግን ድንጋይ በጣም ይወዳል።»

«ይህን ሁሉ ሲያወራ ይህን ብቻ ነው ያለው?»

«ደጋግሞ ነው ያለው።»

ሪቭካ ድንጋዩን አነሣች፣ አገላብጣ አየችው፣ አስቀመጠችው። ደግ ሰው ነው አለች፣ ግን ለልጆች የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። ይህን አልተረጎምኩም። «እናሳውቃችኋለን አለች» አልኩት።

ስንወጣ ከመትናሱ በር ላይ ካለችው ሱቅ ትልቁን አይስክሬም ገዛልኝ። ደረጃ ላይ ያገኘውን ጎረቤት ሁሉ እያቆመ፣ «ይቺን ልጅ አያችኋት? እኔ አንድ ስናገር እሷ እኩል ታደርሰዋለች፤ ሴትየዋ እንዴት ስትስቅ እንደነበር!» ይላል። አይስክሬሙ እጄ ላይ ይቀልጣል፤ እኔ አልልሰውም።

በሁለተኛው ሳምንት የምስክር ወረቀት ያለው አንድ ወጣት ተቀጠረ። ክበቡ ሁለት ጊዜ ተጓዘ፣ ሁለቱንም ወደ ቅርብ መናፈሻ፤ ከዚያ የሚመዘገብ ልጅ ጠፍቶ ተዘጋ። አያ ሙጬ ልጆቹ ድንጋይ የሚማሩበትን ክፍል ሲወለውል ከረመ። አንድ ቀን ከእናቴ ጋር ደረጃ ላይ ሲነጋገሩ ሰማሁት፦ «ልጅሽማ የሚቻላትን አድርጋለች። እኔ ነኝ ያልተማርኩ።» ከበሩ ኋላ ቆሜ ነበር። ወጥቼ መናገር እችል ነበር። አልወጣሁም።

ከዚያ በኋላ ደረጃ ላይ ድምፁን ስሰማ ቆሜ እስኪያልፍ እጠብቅ ነበር። ወታደርነቴን ጨርሼ የመምህራን ኮሌጅ ገባሁ። በመጀመሪያው ዓመት የማዕድን ትምህርት ላይ ነጭ ጢም ያላቸው መምህራችን አንድ ድንጋይ አነሡ፣ መዳፋቸው ላይ መዘኑት፣ ተነፈሱበት፣ አሸተቱት፣ ከዚያ ምላሳቸውን አሳረፉበት። ሸክላነት ያለው ድንጋይ ምላስ ላይ ይጣበቃል ብለው አስረዱ። አዳራሹ ሙሉ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። የሳቀ የለም። እኔ ብዕሬን አስቀምጬ ወደ ውጭ ወጣሁ። ያን ቀን ነው በትክክል የገባኝ። ሪቭካ ቢሮ ውስጥ ያንን ስድብ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ቃሉን እዚያ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ የሸፈንኩትም የገዛ ወገኔን ፊት ነው።

እንዲያም ሆኖ እሱን ለማየት የሄድኩት ባለፈው ዓመት ነው። ኩላሊቱ ታምሞ እዚያው ኔታንያ፣ ነቬ ኢታማር በሚባለው ሰፈር፣ ሴት ልጁ ቤት ይኖር ነበር። በረንዳ ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ ተቀምጧል፤ ቀጥኗል፤ አንገቱ እንደ ድሮው ዘንበል እንዳለ ነው።

«ትርንጎ! አስተማሪ ሆንሽ አሉ። ጮክ ብለሽ ታስተምሪያለሽ ወይስ እንደ ድሮው በሹክሹክታ?»

«ጮክ ብዬ ነው አያ ሙጬ።»

«ተመስገን።»

ደብተሬን አወጣሁ። «አያ ሙጬ» አልኩት፣ «ውጩን ብቻ አይተህ ውስጡን እንዴት ታውቃለህ? ይህን ሁሉ የት ተማርከው?»

«ይኼን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም» አለ።

ከዚያ ጀመረ። ባዶ ድንጋይ እጅ ላይ ለምን እንደሚቀል፣ ትንፋሽ የትኛውን ድንጋይ የአፈር ሽታ እንደሚያስወጣው፣ የተሰነጠቀ ድንጋይ ድምፁ እንደታመመ ሰው ቶሎ እንደሚያልቅ፣ አባቱ ዓይኑን በጨርቅ አስሮ በጆሮ ብቻ እንዴት እንዳስለየው። የአያቱን ወናፍ፣ የሚያቀልጡበትን ጉድጓድ፣ ሌሊት ሌሊት የሚለቀመውን የብረት ድንጋይ። ልጁ ሁለት ጊዜ መድኃኒት ይዛ መጥታ ሁለት ጊዜ መለሳት። ዘጠኝ ገጽ ጻፍኩ።

ሲጨርስ ደክሞት ወደ ኋላ ተደገፈ። «ማን ነው የጠየቀሽ?» አለኝ።

እውነቱን የምነግርበት ሰዓት አሁን ነበር። ከበረንዳው በታች ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። አፌን ከፈትኩ። «ተማሪዎቼ ናቸው» አልኩት።

«ብልሆች ናቸው። ያቺ ሪቭካም ያኔ እንዲህ ብላ ብትጠይቀኝ ኖሮ…» እጁን አወዛወዘ። «እሷ ትወዳለህ ወይ ብቻ ነው ያለችው። መውደድማ ማንም ይወዳል።»

ከዳስ በዓል በኋላ አረፈ። ለቅሶው ላይ ልጁ አቅፋኝ፣ አንቺ መጥተሽ የሄድሽ ሰሞን ደስ እንዳለው ነው የከረመው አለችኝ። እኔም አቀፍኳት፤ ሌላ ምንም አላልኳትም።

የተወልኝ ዘጠኙን ገጽ ነው። ወደ ዕብራይስጥ መለስኩት፣ አንዲት ቃል ሳልቀንስ፤ በዚህ ሳምንትም ለአራተኛ ክፍል ልጆቼ አነበብኩላቸው። እያንዳንዱ ቡድን ፊት ድንጋይ አለ። መዘኑ፣ ተነፈሱ፣ አሸተቱ፤ ሁለቱ እንዲልሱ ሳልነግራቸው ላሱ። «ይህን ያስተማረን ሰው ቀጥቃጭ ነበር» አልኳቸው፣ ቃሉን በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ። አንዱ ልጅ፣ ምን ማለት ነው አለ። ከድንጋይ ብረት የሚያወጣ ማለት ነው አልኩት። «ዋው! ልክ እንደ ኮምፒውተር ጌሙ» አለ፤ ሌሎቹም ዋው አሉ። ከዚያ ወደ ድንጋያቸው ተመለሱ። ሌላ ምንም አልሆነም። ያን ሁሉ ዓመት የፈራሁት ነገር ይኸው ነበር።

ከመስኮቱ አጠገብ የምትቀመጠው ልጅ ግን እጇን እንዳነሣች ናት።

«ታዲያ ለምን ራሱ መጥቶ አላስተማረንም?» አለችኝ።

ማስረዳት የምወድ ሰው ነኝ፤ የተማሪ ጥያቄ ሳልመልስ አልፌ አላውቅም። ሞቷል ብዬ ልዘጋው እችል ነበር፤ እውነትም ነው። ወንበር ስቤ በመካከላቸው ተቀመጥኩ።

«በእኔ ምክንያት ነው» አልኳት።